የአሠልጣኝ ኮከብ ዘርአብሩክ እና የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናቸው የሕይወት ታሪክ

መምህርትና አሠልጣኝ ኮከብ ዘርአብሩክ ከአባታቸው ከአቶ ዘርአብሩክ ሉል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺአረግ ወንድይራድ መስከረም 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በኢሉባቦር፣ በጎሬ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን ታሪክ የጻፈው አሸብር አራተኛው ነው፤ በዕድሜ የሁለት ዓመት፣ በሥልጣን ግን የሃያ ዓመት ታናሻቸው ነበር።

በልጅነታቸው በዘመድ አዝማድ ዘንድ የታወቁት በክንዳቸው ነው። አባታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ በነበራቸው ማሳ በቆሎ ሲያሽት፣ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ መጠበቅ የወንዶቹ ልጆች ሥራ ነበር። ኮከብ አንድ ቀን ወንጭፉን ነጥቀው ማማውን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ የሚያወርዳቸው አልተገኘም። ታናሽ ወንድማቸው ከማማው ሥር ድንጋይ አቀባይ ሆኖ ሁለት ክረምት አገልግሏል፤ አንድም ቀን ግን «እናመሰግናለን» አልተባለም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎሬ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በመቱ ተከታትለው፣ በ1966 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ። በመቱ በመምህርነት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ በ1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተልከው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሥልጠና ወሰዱ። ጥር 17 ቀን 1974 ዓ.ም. ከአቶ ያዕቆብ ገብረ ሥላሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ያዕቆብ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሲመደቡ እሳቸውም ተከትለው በ1977 ዓ.ም. ወረዱ። ለቤተሰብ የላኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ «እዚህ አገር ጥላው ራሱ ያልበዋል» ይላል። ሁላችንም ዓመት ሳይሞላቸው ዝውውር ይጠይቃሉ ብለን ነበር። ወደ ደጋ የመመለስ ዕድል ሦስት ጊዜ መጥቶላቸው ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አሉ።

ጋምቤላ ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ በኋላ መሥሪያ ቤት እንደ እንጉዳይ ይፈላ ነበር፤ ሰሌዳ ተሰቅሎ ወንበር ያልገባበት፣ ወንበር ገብቶ ሰው ያልተመደበበት ቢሮ ብዙ ነው። በ1986 ዓ.ም. የባሮ ማዶ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሲከፈት መምህርት ኮከብ በስፖርት መምህርነት ተመደቡ። በመጀመሪያው ዓመት ከየወረዳው አሥራ ዘጠኝ ሴት ሠልጣኞች ገቡ። ፋሲካ ሲደርስ አሥራ አንድ ቀሩ። አንዷ ለሠርግ ተጠራች፣ አንዷ እናቷ ታመመች፣ ሌሎቹ በዶርም ውስጥ በቋንቋቸው የሚያወራቸው አጥተው በሆድ ብሶት ወጡ። መምህርት ኮከብ በዚህ እህል አልበላ አላቸው። «ብቻዋን የሆነች ልጅ ቤቷ ትሄዳለች፤ ጓደኞቿ ሜዳ ላይ የሚጠብቋት ልጅ ግን አትሄድም» ብለው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኑን የመሠረቱት ስለዚህ ነው። ለእሳቸው ኳሱ ሰበብ ነበር፤ ጉዳያቸው ልጆቹ ዲፕሎማቸውን ይዘው እንዲወጡ ነበር።

ቡድኑ ሲጀመር ሜዳውም፣ መረቡም፣ ጫማውም አልነበረም። ሜዳውን ከልጆቹ ጋር ሆነው ቁጥቋጦ መንጥረው አወጡ። መረቡን የሠሩት የኩዋኒ አባት ናቸው። ኩዋኒ ከአቦቦ የመጣች የአኙዋ ብሔረሰብ ልጅ ስትሆን፣ አባቷ በአልዌሮ ግድብ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰው ነበሩ። መምህርት ኮከብ ቤታቸው ድረስ ሄደው ኳሱ በመረቡ ላይ እንደሚያልፍ ሲያስረዷቸው፣ ሰውየው ግራ ገብቷቸው «ታዲያ መረቡ ምን ይይዛል?» አሉ። መምህርት ኮከብም «ምንም እንዳይዝ ነው የምንጸልየው» ብለው መለሱ። ሽማግሌው ከት ብለው ስቀው በሳምንቱ ጥብቅ አድርገው የቋጠሩትን መረብ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ፤ ያ መረብ አምስት ዓመት አገልግሏል።

የጫማው ነገር የባሰ ነበር። ለቡድኑ ተብሎ በካርቶን የተላከው ጫማ ሁሉም ሠላሳ ስምንት ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ከኢታንግ የመጣችው የቡድኑ ቁመተ ረጅም ኛሪየክ አርባ ሦስት ቁጥር ትጫማለች። ካርቶኑን ስታይ ዝም ብላ እግሯን ከጫማው አጠገብ አስቀመጠች፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። አቶ ያዕቆብ የአውሮፕላን ሠራተኞችን እየለመኑ የወንድ ጫማ ከአዲስ አበባ ያስመጡ ጀመር። በጭነት ክፍሉ «የወይዘሮ ኮከብ ልጆች ጫማ» ተብሎ የተጻፈበትን ሣጥን ያየ መንገደኛ ሁሉ ግዙፍ ወንዶች ልጆች ያሏቸው ይመስለው ነበር።

ልምምዱ ከፀሐይ በፊት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሜዳው በእግር አያስረግጥም። መምህርት ኮከብ በሜዳ ላይ ቁጡ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ከሜዳም ውጭ ቁጡ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ለልጆቹ የሰጡት ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ አሠልጣኝ ሲናገር አይቋረጥም። ከመቲ የመጣችውና ኳስ በማመቻቸት ወደር ያልነበራት አምበሏ ናዝሬት እንደምትለው፣ ዝንብ እንኳ እሳቸው ተናግረው እስኪጨርሱ ታርፍ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. የግንቦት ወር ቡድኑ ለማሠልጠኛዎች የሴቶች ውድድር ወደ ጅማ ተጓዘ። ጉዞው በጭነት መኪና ላይ ነበር። ጎሬ ሲደርሱ እናታችን ወይዘሮ የሺአረግ ቡድኑን በሙሉ ምሳ አበሉ፤ ኛሪየክ በበሩ አጎንብሳ ስትገባ ቀና ብለው አይተው «ልጄ፣ ቀስ ብለሽ፤ ጣራው አሮጌ ነው» ማለታቸው እስከ ዛሬ በቡድኑ ይወራል። ከመነሳታቸው በፊት መምህርት ኮከብ የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር በእጃቸው ጽፈው፣ ለልጆቹ ጮክ ብለው አነበቡ። እያንዳንዷ ስሟ ሲጠራ «አቤት» አለች።

በጅማ አምስት ጨዋታ ተጫውተው አምስቱንም አሸነፉ። የፍጻሜውን ሦስት ለአንድ ሲያሸንፉ፣ «እነዚህ ከየት የመጡ ናቸው?» ይል የነበረው ተመልካች ስማቸውን ሸምድዶ ይጮህ ነበር። ሜዳሊያው አንገታቸው ላይ ገባ፤ ናዝሬት ዋንጫውን አቀፈች። ከዚያ ተሸናፊው ቡድን ክስ አቀረበ። በዝርዝሩ ሰባት ቁጥር ላይ የተጻፈው «ግሬስ ታንግ» ነው፤ የተጫዋቿ መታወቂያ ግን «ኛሪየክ ታንግ» ይላል።

ጋምቤላን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንቆቅልሽ አይደለም። በከተማችን የአባት ቤት ስም ያለው ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያን የተጠመቀበት ሌላ ስም አለው፤ በአንዱ ይማራል፣ በሌላው ይዘምራል። በቡድኑ ውስጥ ሁለት ኛሪየኮች ስለነበሩ መምህርት ኮከብ ረጅሟን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው በክርስትና ስሟ ግሬስ ይሏታል። ሁለት ዓመት ሲጠሩበት የኖሩትን ስም ነው እጃቸው የጻፈው። ውድድሩን የሚመሩት ሰዎች ግን «በወረቀቱ ያለችው ልጅ ሜዳ ላይ የለችም፤ ሜዳ ላይ ያለችው በወረቀቱ የለችም» ብለው ድሉን ሰረዙ። ልጆቹ ሜዳሊያቸውን አንድ በአንድ ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታማ ጭራሽ መድኃኒት የለውም።

ሲመለሱ መምህርት ኮከብ ከጎሬ ቁልቁል መኪናውን አስቁመው ወረዱና፣ ልጆቹን ከታች ቀና ብለው እያዩ «ጥፋቱ የእኔ ነው። እናንተ አሸንፋችኋል፤ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከሁሉ በላይ ያለቀሰችው ኛሪየክ ነበረች፤ ሁሉም በስሟ ምክንያት መሆኑ አንገብግቧት ነው ብሎ አሰበ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። የኮሌጁ ዲን አቶ ጋትኩዋት ቡድኑን ለመዝጋትና ሜዳውን ለወንዶች እግር ኳስ ለመስጠት ወሰኑ። መምህርት ኮከብ ቢሮ ገብተው «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ እኔን አንሱ፣ ቡድኑን ግን አትንኩ። ቡድኑ ከተዘጋ ልጆቹ እስከ ፋሲካ አይቆዩም» ብለው ለመኑ። እኚህ ሴት በሕይወታቸው ሲለምኑ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ዲኑ ጠዋት ሲገቡ ተጫዋቾቹ በሙሉ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ኩዋኒ ተነስታ «እሷ ከሄደች እኛም እንሄዳለን። መረቡም የአባቴ ነው፤ እሱም ይሄዳል» አለች። አቶ ጋትኩዋት ጥቂት አሰቡና «እሺ፤ አንድ ዓመት» አሉ። ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ ፈገግ እንደሚሉ እናምናለን፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የቡድኑ ቀንደኛ ደጋፊ እሳቸው ናቸውና።

ከዚያ ክረምት ጀምሮ መምህርት ኮከብ ሌላ ሰው ሆኑ። ሌላው በእረፍቱ ወደ ዘመዱ ሲሄድ እሳቸው ደብተራቸውን ይዘው ኢታንግ፣ አቦቦ፣ መቲ ድረስ እየሄዱ ከወላጆች ጋር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የእያንዳንዷን ተጫዋች ስም እስከ አያት፣ የቤቱንም የቤተ ክርስቲያኑንም፣ ከአባትና ከእናት አፍ እየሰሙ ጻፉ፤ የጻፉትን አንብበው «ልክ ነው?» ሳይሉ አይነሱም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል «መጀመሪያ በትክክል ይጻፍ» የሚል መልስ ነበራቸው።

ይህ ሥራ ወደ ሜዳም ገባ። በልምምድ ላይ አንዲት ልጅ ኳስ ከማቀበሏ በፊት የምታቀብላትን ልጅ ስም እስከ አያት መጥራት ግዴታ ሆነ። «ኛሪየክ ታንግ ሩአች!» ብላ የአቦቦዋ ኩዋኒ ትጮሃለች፤ ኛሪየክም የኩዋኒን አባትና አያት ጠርታ ትመልሳለች። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ኋላ ግን በከተማው ሰው በሰው ላይ ፊቱን ባዞረበት፣ ገበያው በተዘጋበት አንድ ክፉ ሳምንት፣ መምህርት ኮከብ ማንም አይመጣም ብለው ሜዳ ሲደርሱ ልጆቹ ሁሉ መጥተው የእርስ በርስ አያቶቻቸውን ስም እየተጠራሩ ሲጫወቱ አገኟቸው። ያን ጠዋት አልተቆጡም፤ ዳር ተቀምጠው ብቻ አዩ።

ቡድኑ በ1989 ዓ.ም. ሦስተኛ፣ በ1990 ዓ.ም. ሁለተኛ ወጣ። በ1991 ዓ.ም. ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ሳይሄድ ቀረ። በ1992 ዓ.ም. ዋንጫውን አመጣ፤ መታወቂያ የሚያመሳክረው ሰው ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሲያነብ መምህርት ኮከብ እጃቸውን አጣምረው ከፊቱ ቆመው ነበር። በእሳቸው ዘመን በቡድኑ የተጫወቱት ሠላሳ አራት ሴቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሠላሳ ሁለቱ ተመርቀው ዛሬ ከመቲ ደጋ እስከ ኢታንግ ያስተምራሉ። ከዋንጫው ይልቅ የሚኮሩት በዚህ ነበር፤ ይህን ቁጥር ሳይጠየቁም ይናገሩት ነበር።

ሆኖም የ1992ቱ ዋንጫ የሌሎች ልጆች ነው፤ የ1988ቱ ልጆች አንገታቸው ባዶ እንደሆነ ቀርቷል። ይህ በመምህርት ኮከብ ሆድ ውስጥ እንደ እሾህ ነበር። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ «ስህተቱ የአሠልጣኟ እንጂ የተጫዋቾቹ ስላልሆነ ሜዳሊያቸው እንዲመለስ» የሚል ማመልከቻ ይጽፋሉ። አምስት ጊዜ ጻፉ። ለአንዱ ብቻ «ጉዳዩ የተዘጋ ነው» የሚል መልስ መጣ። አቶ ያዕቆብ «ተይው፣ ልጆቹ ራሳቸው ረስተውታል» ሲሏቸው «እኔ ካልረሳሁ አልተረሳም» ይሉ ነበር።

መምህርት ኮከብ ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ኩላሊታቸውን አዳከመው። በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው በራሳቸው ፈቃድ ወደ ጋምቤላ ተመለሱ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኛሪየክ ከምታስተምርበት ከኢታንግ ልትጠይቃቸው መጣች። ታናሽ ወንድማቸው እዚያው ተቀምጦ ነበርና የሆነውን እንዳየው ይመሰክራል። ልጅቷ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ «ቲቸር፣ ጅማ ልንሄድ ስትይ ስም አነበብሽ። ግሬስ ታንግ አልሽ። በመታወቂያ ሌላ እንደሆነ ያኔ አውቅ ነበር» አለች። በእኛ ከተማ «አንቺ» ማለት ንቀት አይደለም፤ ቅርበት ነው።

መምህርት ኮከብ ከትራሱ ቀና አሉ። «አውቀሽ ነው አቤት ያልሽው?»

«አሠልጣኝ ሲናገር አይቋረጥም ብለሻል። ፈራሁ። ኋላ እልሻለሁ ብዬ ነበር፤ ኋላ መሸ፤ ከዚያ ጨዋታ መጣ።»

«አምስት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ዝም ብለሽ አየሽኝ! ታዲያ ዛሬ ምን አናገረሽ?»

«አሁን እኔም አስተማሪ ነኝ» አለች ኛሪየክ። «ባለፈው ሰሌዳ ላይ ተሳሳትኩ። ልጆቹ አይተዋል፤ ማንም አልተናገረም። እኔን ፈሩ። ያን ቀን ያንቺ ነገር መጣብኝ።»

የመምህርት ኮከብ ቁጣ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ እንባቸው መጣ። «ብዕሬ ነው የተሳሳተው ስል ኖርኩ» አሉ፤ «የተሳሳተው ሕጌ ነው። የልጅን አፍ የሚዘጋ ሕግ ነበር ያወጣሁት።» ከዚያ የልጅቷን እጅ ይዘው «ሂጂ፣ ልጆችሽ እንዲያርሙሽ አስተምሪ። ሳያርሙሽ ከክፍል አትውጪ» አሏት። ወደ ወንድማቸውም ዞረው፣ «አንተ ስለ እኔ የምትጽፈውን ነገር አውቃለሁ፤ ታሳምራለህ። ልጆቼ ሳያዩት እንዳይታተም። ያርሙት» ብለው አዘዙ። ሆዳቸውን የበላው ነገር ያን ቀን ለቀቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሜዳሊያው አላነሱም።

መምህርትና አሠልጣኝ ኮከብ ዘርአብሩክ ኅዳር 9 ቀን 1994 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ልምምድ በሚጀመርበት ሰዓት፣ በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጆቹ ከየወረዳው እንዲደርሱ ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሆኗል።

ትእዛዙ ተፈጽሟል። ዛሬ ጠዋት ለቅሶው ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ሥር፣ ይህ ጽሑፍ ለተጫዋቾቹ ተነበበ። እጃቸውን እያወጡ አረሙ፤ እንዲያቋርጡ ስለታዘዙ ደግሞ ያለ ርኅራኄ አቋረጡ። ኩዋኒ መረቡ አራት ሳይሆን አምስት ዓመት ማገልገሉን አስታወሰች። ናዝሬት የፍጻሜው ውጤት ሦስት ለሁለት ሳይሆን ሦስት ለአንድ መሆኑን ተናገረች። ጸሐፊው እየሰረዘ ጻፈ። ወደ መጨረሻው ገጽ ሲደርስ «ትዳራቸው ልጅ ስላላፈራ የሚተካቸው ዘር አልተዉም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አነበበ። ይህን ስንጽፍ እንደ ወጉ ነው የጻፍነው፤ እውነት መስሎን ነበር።

ኛሪየክ እጇን አወጣች።

«እዚህ ጋ ስህተት አለ» አለች።

ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ጸሐፊው ዓረፍተ ነገሩን ሰርዞ እንደሚከተለው አርሟል፦

መምህርትና አሠልጣኝ ኮከብ ዘርአብሩክ የአቶ ያዕቆብ ገብረ ሥላሴ ባለቤት፣ የአምስት ወንድሞችና እህቶች እህት፣ የሠላሳ አራት ሴት ልጆች እናት ነበሩ። የልጆቻቸው ስም እስከ አያት በጀርባው ገጽ ታትሟል፤ እያንዳንዷ የራሷን አይታ «ልክ ነው» ብላለች።

ጌታ ሆይ፣ የአገልጋይህን የኮከብን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ አኑርልን። ስማቸውን በሕይወት መጽሐፍህ ስትጽፍ ሁለቱንም ጻፍልን፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን፣ ልጆቻቸውም «ቲቸር» ብለው የሚጠሩበትን። አሜን።